የመረጃ ቋትን በጥንቃቄ ማጥፋት፤ የአንድ ትእዛዝ ታሪክ

ቋት በመሠረቱ ከወፍጮ ሥር ተቀምጦ የሚፈጨውን ዱቄት የሚቀበል ዕቃ ነው። የኮምፒዩተር ሙያ በአማርኛ መነገር በጀመረ ጊዜ ቃሉ ከወፍጮው አጠገብ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ተሻገረና፣ በሥርዓት ተመዝግቦ የተከማቸ መረጃ «የመረጃ ቋት» ተባለ። ምሳሌው የተዋጣለት ነው፤ ብዙ ሰው ደክሞ የፈጨው በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ለብዙ ሰው ይጠቅማልና። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የዱቄት ቋት ቢገለበጥ የፈሰሰው ለዐይን ይታያል፤ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ፣ ምን ያህሉስ እንደ ተረፈ ወዲያው ይታወቃል። የመረጃ ቋት ሲጠፋ ግን ድምፅም አቧራም የለውም። በሁለት ቃል የተጻፈ ትእዛዝ የብዙ ዓመት መዝገብ ይደመስሳል፤ አለዚያም የደመሰሰ መስሎ መዝገቡን በስውር ያቆየዋል።

ስለዚህ የመረጃ ቋትን በጥንቃቄ ማጥፋት ማለት ሁለት ተቃራኒ አደጋዎችን በአንድ ጊዜ መከላከል ማለት ነው። አንደኛው፣ መኖር የሚገባው መረጃ በቅጽበት መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው፣ መጥፋት የሚገባው መረጃ ጠፍቷል ተብሎ ሳለ መኖሩ ነው። የእነዚህ የሁለቱ አደጋዎች ታሪክ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኮምፒዩተር ታሪክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከመነሻው መቃኘት ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ቃሉ ከነገሩ የተለየበት ጊዜ

በ1960ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር የነበራቸው ታላላቅ ድርጅቶች መረጃቸውን የሚያከማቹት በማግኔት ቴፕና በዲስክ ላይ ሲሆን፣ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው እያንዳንዱ መዝገብ የት እንደ ተቀመጠና ከሌላው ጋር በምን እንደ ተያያዘ ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። ለአፖሎ የጠፈር ጉዞ ሥራ የተጀመረው የአይቢኤም ኩባንያ ሥርዓት፣ ማለትም አይኤምኤስ፣ መረጃውን እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ አድርጎ ያደራጅ ነበር። በዚህ ዐይነት አደረጃጀት ግንዱን የሰረዘ ሰው በላዩ የበቀሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ አብሮ ይሰርዛል። መሰረዝ አስቸጋሪ ቢሆንም ሠራተኛው ምን እንደሚነካ ያውቅ ነበር፤ ሳያውቅ ሊሠራ አይችልምና።

በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዝ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማእከል ሲሠራ ሳለ፣ ይህን ልማድ የሚለውጥ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ መሠረተ ሐሳብ ተጠቃሚው መረጃው በመኪናው ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ የማወቅ ግዴታ ሊኖርበት አይገባም የሚል ነው። እንደ ኮድ አስተሳሰብ መረጃ ሁሉ ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሠንጠረዦች መልክ ይታያል፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ይናገራል፤ እንዴት እንደሚገኝ ማሰብ የመኪናው ፈንታ ይሆናል። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉት የሥራ ባልደረቦቹ ለዚህ ሐሳብ የሚሆን ለእንግሊዝኛ የቀረበ የትእዛዝ ቋንቋ ነደፉ፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ ኤስኪውኤል የሚለውን ስም ይዞ በዓለም ተሰራጨ። ኮድ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ ለውጥ ጥቅም በሰፊው ተነግሯል። በማጥፋት ረገድ ያስከተለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ተጠቃሚው ፋይሉን ከመንካት ነጻ በወጣ ጊዜ ፋይሉን ከማየትም ራቀ። ከእንግዲህ ወዲህ የሚያጠፋ ሰው የሚያጠፋውን ነገር አይነካም፤ ስሙን ብቻ ይጠራል። በስምና በነገሩ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ስሕተት የሚገባበት በር ሆነ።

ለ. መፍጠርን የደነገገ፣ ማፍረስን የዘለለ መለኪያ

ኤስኪውኤል በ1986 በአሜሪካ የደረጃዎች ድርጅት፣ በ1987 ደግሞ በዓለም አቀፉ ድርጅት እንደ መለኪያ ጸደቀ። ይህ የመጀመሪያው መለኪያ ሠንጠረዥ የሚፈጠርበትንና የመጠቀም መብት የሚሰጥበትን ሥርዓት ሲደነግግ፣ የተፈጠረው ሠንጠረዥ የሚሰረዝበትን ትእዛዝ አልያዘም ነበር። በተግባር የሚሸጡት ሥርዓቶች ግን «ድሮፕ»፣ ማለትም «ጣል» የሚለውን ትእዛዝ ቀድሞውኑ ይጠቀሙበት ነበር። መለኪያው ይህን ጉድለት ያሟላው በ1992 እትሙ ነው። በዚያን ጊዜ አንድን የሠንጠረዦች ስብስብ የሚያጠፋ ሰው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተደነገገ። «ሬስትሪክት» ካለ፣ በውስጡ አንዳች ነገር ካለ ትእዛዙ አይፈጸምም። «ካስኬድ» ካለ፣ በውስጡ ያለውና በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያው ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን አንኳኩቶ እንደሚጠይቅ አፍራሽ ነው፤ ሁለተኛው ሳይጠይቅ እንደሚያፈርስ ነው።

ሙሉውን የመረጃ ቋት በአንድ ቃል ስለ ማጥፋት ግን መለኪያው ዝም እንዳለ ቀረ። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች በገዛ መንገዱ ሄደ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ለባለሙያው ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው።

በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ በ1970ዎቹ ዓመታት በመሩት ኢንግረስ በተባለው ሥርዓት የመረጃ ቋትን የሚያጠፋው ትእዛዝ «ደስትሮይ-ዲቢ»፣ ማለትም «ደምስስ» የሚል ነበር። ከእርሱ የተወለደው ፖስትግረስም ይህን ስም ወረሰ። በ2000 የፖስትግረስኪውኤል ሰባተኛው እትም ሲወጣ ግን ስሙ «ድሮፕ-ዲቢ» ወደሚለው ተለወጠ። ከሌሎቹ ትእዛዞች ጋር እንዲስማማ የተደረገው ለውጥ ለሥራ አመቺ ቢሆንም ከባዱ ቃል ለቀላሉ ቦታውን ለቀቀ። «ደምስስ» የሚል ትእዛዝ የሚጽፍ እጅ ለአፍታ ሊያመነታ ይችላል፤ «ጣል» የሚለው ግን የሚያስፈራ አይደለም።

በኦራክል ሥርዓት ሙሉውን የመረጃ ቋት የሚያጠፋ ትእዛዝ የገባው በ2003 ይፋ በሆነው 10ጂ በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው የፋይሎቹን ዝርዝር አውጥቶ አንድ በአንድ በእጁ ይሰርዝ ነበር። ትእዛዙ በገባ ጊዜም በከባድ ቅድመ ሁኔታ ታጥሮ ነው፤ ቋቱ ለተጠቃሚ ዝግ መሆንና በአንድ ባለሙያ እጅ ብቻ መያዝ አለበት። በዚያው እትም የተሰረዙ ሠንጠረዦች ለጊዜው የሚቆዩበት «የቆሻሻ ቅርጫት» መዘጋጀቱም የሚያስተውሉት ነው። ለሠንጠረዥ መመለሻ ሲበጅለት ለሙሉው ቋት ግን አልተበጀለትም።

የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ፖስትግረስኪውኤል ሌላ ሰው እየሠራበት ያለን ቋት አናጠፋም ይላሉ። ይሁን እንጂ ፖስትግረስኪውኤል በ2020 በወጣው 13ኛ እትሙ ተጠቃሚዎቹን በግድ አስወጥቶ የሚያጠፋ «ፎርስ» የተባለ ተጨማሪ ቃል ፈቀደ። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ሰው ይሥራበት አይሥራበት ሳይጠይቅ ወዲያው ያጠፋል፤ ለዚያ ቋት ተብለው ለተጠቃሚዎች የተሰጡት መብቶች ግን ሳይሰረዙ ይቀራሉ። ነገ በዚያው ስም ሌላ ቋት ቢፈጠር የትናንቱ ሰዎች ያለ አዲስ ፈቃድ ሊገቡበት ይችላሉ ማለት ነው።

ሐ. የማይመለሰው ትእዛዝ

በእነዚሁ ዓመታት የመረጃ ቋት ሊቃውንት ትልቁ ጥረት ስሕተትን የሚመልስ ሥርዓት ማበጀት ነበር። ጂም ግሬይ በ1970ዎቹ ዓመታት በአይቢኤም፣ በኋላም በ1981 ባወጣው ጽሑፍ፣ ትራንዛክሽን የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ አብራራ። ትርጒሙም ተያያዥ ሥራዎች እንደ አንድ ሥራ ተቈጥረው ወይ ሁሉም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም ማለት ነው። ከአንዱ ደንበኛ ሒሳብ የወጣ ገንዘብ ወደ ሌላው ሳይገባ መብራት ቢጠፋ መኪናው ሲነሣ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። በዚህ ሐሳብ የሰለጠነው ባለሙያ «መልስ» የሚለው ትእዛዝ ሁልጊዜ ከኋላው እንዳለ ማመን ቢለምድ አይፈረድበትም።

ሙሉውን የመረጃ ቋት የማጥፋት ትእዛዝ ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ነው። በፖስትግረስኪውኤል አንድ ሠንጠረዥ በትራንዛክሽን ውስጥ ተሰርዞ ሐሳብ ቢለወጥ ሊመለስ ይችላል። ቋቱን በሞላ የማጥፋት ትእዛዝ ግን በትራንዛክሽን ውስጥ እንዲገባ ከቶ አይፈቀድለትም፤ ፋይሎቹን ከዲስኩ ላይ በቀጥታ ያነሣልና። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ ቀድሞ የተቀዳ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ድርጅቶች ዋናውን ቋት በየጊዜው የሚከተል ሁለተኛ ቋት በሌላ ሰርቨር ላይ ያቆማሉ፤ ዋናው ቢበላሽ ሁለተኛው እንዲተካ ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛ ቋት መስተዋት እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። በዋናው ላይ የታዘዘ ማጥፋት በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሁለተኛውም ላይ ይፈጸማል። መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ፊቱን ቢያቆስል ምስሉ ጤነኛ ሆኖ አይጠብቀውም።

መ. የጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ሌሊት በግልጽ የታየበት አጋጣሚ በጊትላብ ኩባንያ የደረሰው ነው። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትና በጋራ የሚሠሩበት አገልግሎት ሲሆን፣ ዋና መዝገቡ በፖስትግረስኪውኤል የተያዘ ነበር። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት በቋቱ ላይ ከባድ ጫና ደረሰና ሁለተኛው ቋት ዋናውን መከተል ተሳነው። ባለሙያዎቹ ሁለተኛውን ባዶ አድርገው እንደ ገና ከዋናው ለመቅዳት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በግሪንዊች ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ረጅም ሰዓት የሠራ አንድ መሐንዲስ የሁለተኛውን ሰርቨር ማኅደር እንደ ገና ለማጽዳት ትእዛዙን ጻፈ። የተገናኘው ግን ከዋናው ሰርቨር ጋር ነበር። ስሕተቱን አውቆ ትእዛዙን ያቋረጠው በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቢሆንም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

ይህ እስከዚህ የአንድ ደካማ እጅ ስሕተት ነው። ትምህርቱ ያለው ከዚያ በኋላ በተገኘው ላይ ነው። በየቀኑ ይቀዳል የተባለው ቅጂ ሲፈለግ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ቋቱ በ9.6 እትም ሲሠራ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 እትም በመሆኑ ሥራውን ሳይፈጽም ይቀር ነበር። ይህንኑ የሚያስታውቁት ደብዳቤዎች ደግሞ በተቀባዩ የፖስታ ሥርዓት ዘንድ ተቀባይነት አጥተው ማንም ሳያያቸው ቀሩ። የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ የማንሣቱ ሥርዓት ለመረጃ ቋት ሰርቨሮች አልተከፈተም። ሁለተኛው ቋትም ጥቂት ቀደም ብሎ ባዶ ተደርጓል። የተረፈው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አንዱ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ሲል በእጁ ያነሣው ቅጂ ብቻ ነበር። አገልግሎቱ በማግሥቱ ማታ ሲመለስ በእነዚያ ሰዓታት የተመዘገቡት ቢያንስ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዲስ ተጠቃሚዎች ጠፍተዋል።

ኩባንያው ነገሩን አልሸፈነም። የመልሶ ማቋቋሙን ሥራ ለሕዝብ በቀጥታ አሳየ፤ በኋላም ዝርዝር ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱም ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ከመጫን ይልቅ ቅጂዎቹን የመፈተኑ ኀላፊነት ለማንም በግልጽ ያልተሰጠ መሆኑን አመነ። ከዚህ የሚገኘው እውነት አንድ ነው፤ ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ቅጂ ሊቈጠር አይችልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል እዚህ ቦታው ነው።

ሠ. ጠፋ የተባለው ሲገኝ

ሁለተኛው አደጋ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ኮምፒዩተር አንድን ፋይል ሰረዝሁ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርዘው የፋይሉን ስምና አድራሻ ነው። የመጽሐፍን ማውጫ ቀዶ ገጾቹን እንደ መተው ማለት ነው። በመረጃ ቋት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ በፖስትግረስኪውኤል የተሰረዘ ረድፍ የጽዳት ሥራ እስኪደርሰው ድረስ ከተጠቃሚ ዐይን ተሰውሮ በቦታው ይቈያል።

በ2003 ሲምሰን ጋርፊንከልና አብሂ ሼላት የተባሉ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የአንድ ጥናት ውጤት አወጡ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ 158 ዲስኮች ገዝተው መረመሩ፤ ከእነዚህ 129ኙ ይሠሩ ነበር። በሚገባ የጸዱት ግን 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት ላይ የሕክምና መረጃ፣ የግል ደብዳቤና ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኙ። ባለቤቶቻቸው ያጠፉ መስሏቸው ነበር።

በተቃራኒው ማጥፋት በሥርዓት ሲፈጸም ምን እንደሚመስል የብሪታንያ የብሔራዊ መታወቂያ መዝገብ ፍጻሜ ያሳያል። በ2006 በወጣ ሕግ መሠረት የተቋቋመው መዝገብ ከብዙ የፖለቲካ ክርክር በኋላ እንዲፈርስ ተወሰነ፤ በዲሴምበር 2010 የጸደቀው ሕግም መዝገቡ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ እንዲደመሰስ አዘዘ። በዚያን ጊዜ ካርድ የወሰዱት ሰዎች 15,000 ያህል ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች መረጃ ሲባል 500 ያህል ዲስኮችና 100 ያህል የመጠባበቂያ ቴፖች በማግኔት ከተደመሰሱ በኋላ በመኪና ተፈጭተዋል፤ የመጨረሻዎቹም በፌብሩዋሪ 2011 ሚኒስትሩ ባሉበት ወደ መፍጫው ገብተዋል። ለ15,000 ሰዎች ይህን ያህል ዕቃ መጥፋቱ የሚያስተምረው፣ መረጃ በአንድ ቦታ ቢመዘገብም በአንድ ቦታ እንደማይኖር ነው። መስተዋቱ፣ የየዕለቱ ቅጂ፣ ለሙከራ የተወሰደው ግልባጭ፣ ከመጋዘን የገባው ቴፕ ሁሉ የቋቱ አካላት ናቸው። ዋናውን ብቻ ያጠፋ ሰው ገና ሥራውን መጀመሩ ነው።

ይህ ጉዳይ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ግዴታ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘው መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያም በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ስለዚህ «አጥፍተነዋል» ብሎ መመለስ የባለሙያው የምስክርነት ቃል ነው።

ረ. ከታሪኩ የሚገኝ ሥርዓት

ከእነዚህ ሁኔታዎች አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ይወጣል። በመጀመሪያ የቋቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ተለይቶ ፈቃዱ በጽሑፍ ይገኝ። የሚሰጠው ፈቃድም የቋቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሚገኝበትን ሰርቨር ጭምር ይግለጽ፤ የጊትላብ መሐንዲስ የተሳሳተው በትእዛዙ አይደለም፣ በቆመበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ በቋቱ ማን እንደሚጠቀም ይመርመር። ዛሬ ማንም አለመግባቱ ብቻውን አያስተማምንም፤ በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚያሰላ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ የሚዘጋ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሙሉ ቅጂ ተወስዶ በሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ይታይ፤ የሠንጠረዦቹና የረድፎቹ ቍጥር ከዋናው ጋር ይነጻጸር።

አራተኛ፣ ቋቱ ከመጥፋቱ በፊት ይዘጋ። መዝጋት ይመለሳል፣ ማጥፋት አይመለስም፤ ቋቱ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ የሥራ ዑደት ሲያልፍ የሚጮኽ ካለ ይጮኻል። ከዚህ ደረጃ ይበልጥ ብዙ ድርጅቶችን ከጥፋት የሚያድንና የዚህንም ያህል በቀላሉ የሚዘለል የለም።

አምስተኛ፣ ትእዛዙ ሲጻፍ ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው የሰርቨሩንና የቋቱን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ሥራው ሰው ሲደክም፣ በሌሊትና በችኰላ አይሠራ።

ስድስተኛ፣ ከቋቱ ጋር የተያያዙት የተጠቃሚ መብቶች፣ በሰዓት የሚነሡ ሥራዎችና መስተዋት ቋቶች ይጽዱ። የመጠባበቂያው ቅጂም የመቆያ ጊዜው ተወስኖ፣ ቀኑ ሲደርስ እርሱም ይደምሰስ፤ ዲስኩ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ከሆነ ተደምስሶ ወይም ተፈጭቶ ይውጣ። ምን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድና በማን እጅ እንደ ጠፋ የሚገልጽ ጽሑፍም ተፈርሞ ይቀመጥ። መረጃው ሲጠፋ የመጥፋቱ መረጃ ይኑር ማለት ነው።

በእርግጥ ይህ ሁሉ ለሁለት ቃል ትእዛዝ የበዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኮድና ባልደረቦቹ መረጃን በስሙ ብቻ መጥራት እንዲቻል ባደረጉ ጊዜ ለሰው ትልቅ ሸክም አቀለሉለት፤ የቀለለው ሸክም ግን አልጠፋም፣ ወደ ባለሙያው ኅሊና ተዛወረ። መኪናው ስሙን ሲሰማ ይታዘዛል፤ ከስሙ በስተጀርባ የማን ደመወዝ፣ የማን የሕክምና ታሪክ፣ የማን የብዙ ዓመት ድካም እንዳለ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው ፈንታ ነው።